የጣት አሻራ ማሽኑ፦ ለሰዓት ጎበዝ፣ ለታመመ ሰው ዜሮ

የአክስቴ ልጅ ዳቦ ቤት ከፍቷል። 23 ሠራተኛ አለው። ባለፈው ሳምንት ደወለና «አንቺ ኤችአር፣ የሰው ኃይል ክፍል ላይ ስትሠሪ የኖርሽ ነሽ፣ የጣት አሻራ ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። በስልክ ልነግረው ጀመርኩና ካርዱ አለቀ፣ ወሬው ግን አላለቀም። እዚሁ ልጻፈው። እሱም ያንብበው፣ ሌላም ለመግዛት የሚያስብ ካለ ይጠቀምበት።

ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት ነበርኩ። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራ የበላሁበት ቤት ነው። ቢሮ፣ ሱቅ፣ መጋዘንና ሾፌሮች ተደምረን 84 ነበርን። ማሽኑ የተገዛው 2011 ላይ ነው፣ እና የኮሮናን ጊዜ ከነምናምኑ አብሬው ነው ያሳለፍኩት።

ለማያውቀው፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ደብተር የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ ጣት የሚቀመጥባት ትንሽ መስታወት አለች፣ ከሥሯ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ካወቀችህ በሴት ድምፅ «ታንክ ዩ» ትልሃለች። ካላወቀችህ «ፕሊስ ትራይ አጌን»። አማርኛ አትችልም። የእኛ መጋዘን ልጆች ስሟን «ትራይ አጌን» ብለው ነበር የሚጠሯት፣ «ትራይ አጌንን ስሚያት መጣሁ» ይባባላሉ።

ጥሩውን ላስቀድም። ከእሷ በፊት የፊርማ ደብተር ነበር። በደብተሩ መሠረት እኛ ቤት አንድም ሰው አርፍዶ አያውቅም። ሁሉም 2፡00 ሰዓት ይገባል፣ 11፡30 ይወጣል፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ መንገድ ቢዘጋ ያው 2፡00። አንዱ ማልዶ ይመጣና ለአራት ጓደኞቹ ይፈርማል። እስክሪብቶ እየቀያየረ፣ አንዱን ጋደል፣ አንዱን ቀና እያደረገ የሚፈርም ባለሙያ ነበረን። ማሽኗ ይሄን ጉድ በአንድ ሳምንት አስቆመችው። ጭቅጭቅም ቀነሰ። «አርፍጄ አይደለም» የሚል ሲመጣ ወረቀቱን አውጥቼ «እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው» እላለሁ፣ አበቃ። ይቺን «ማሽኑ ነው» የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጉድለቷ ደግሞ ገና ኮሮና ሳይመጣ ነበር የታየኝ። አንደኛ ነገር የምታወራው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። ደሞዝ የምንሠራው በእኛ ወር፣ ግብሩም የሚገባው በእኛ ወር። እሷ ማርች ኤፕሪል ነው የምትለው። ስለዚህ በየወሩ ቁጭ ብዬ «ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 አውጪ፣ መጋቢት ትሆናለች» እያልኩ እቆርጣለሁ፣ እለጥፋለሁ። ጳጉሜን ሲመጣማ አታንሱት። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፣ 2፡07 የገባውን 08፡07 ትለዋለች፣ አንድ ሾፌር ወረቀቱን አይቶ «ስምንት ሰዓት ገባ ነው የምትሉኝ? ስምንት ሰዓት ላይ እኮ አዳማ ነበርኩ!» ብሎ ቢሮ ሊያፈርስ ነበር። መብራት ሲጠፋም ባትሪዋ ደካማ ስለነበረ አንድ ጠዋት ቀኗ ወደ 2000 ዓመት ተመልሶ ተገኘ፣ በፈረንጅ። የዚያን ቀን የገባን ሰዎች በሙሉ በሪፖርቱ ቀሪ ነን።

የጣት ነገርም አለ። ካርቶን ሲያወርድ የሚውል ሰው የጣቱ መስመር ይፋቃል። የቢሮ ሰው በአንዴ ያልፋል፣ የመጋዘን ሰው አምስት ጊዜ ይሞክራል። ሲመዘገቡ የሁለት እጅ ጣት፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጣት አስመዝግቡ፣ ይረዳል። ሊተክልልን የመጣው ልጅ ይሄን አልነገረንም። ግማሽ ሰዓት አስተምሮን፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ ሄደ።

እንግዲህ ወደ መጋቢት 2012።

አርብ መጋቢት 4 ነው የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ የተነገረው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ቅዳሜና እሑድ ከተማው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ፍለጋ ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ በር ላይ ባለ ቧንቧ በርሜልና ሳሙና ተቀምጧል፣ ጥሩ። ታጥበህ ስታበቃ ታዲያ ወዴት ትሄዳለህ? ቀጥታ 84 ሰው ጣቱን ወደሚያሳርፍባት መስታወት።

ያ ጠዋት እስካሁን አይረሳኝም። ጸሐፊያችን ጣቷን ወደ መስታወቱ አስጠግታ መለሰችው፣ አስጠግታ መለሰችው፣ ልክ የጋለ ምጣድ እንደሚነካ ሰው። አንዱ ፌስታል ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ሞከረ፣ «ፕሊስ ትራይ አጌን»። አንዱ እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ነካት፣ «ፕሊስ ትራይ አጌን»። አጠገቧ ሳኒታይዘር አስቀመጥን፣ አልኮሉ የሰዉን ጣት አደረቀው፣ የደረቀ ጣት ደግሞ አታነብም። ሰልፉ በሩን አልፎ ግቢ ድረስ ደረሰ። 2፡15 ካለፈ ማርፈድ ነው፣ ሦስት ጊዜ ያረፈደ የግማሽ ቀን ደሞዝ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ሁሉም ይገፋፋል። ጥበቃችን ጋሼ «ልጆቼ፣ ራቅ ራቅ በሉ እንጂ» ይላሉ፣ ማን ሰምቷቸው። በኮሮና ምክንያት እጃችንን ስለታጠብን ደረት ለደረት ተጣብቀን ቆመን ነበር።

ሥራ አስኪያጁን አሻራውን እናቁመው ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሱ ከቆመ ሰው ይጠፋል» አሉኝ። ይፈሩ የነበሩት በሽታውን አልነበረም፣ ቀሪ የሚበዛ መስሏቸው ነው። የመንግሥት ሠራተኛው አብዛኛው ከቤት ይሥራ ተብሎ ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እኛ ግን ጣታችንን መስታወቷ ላይ እያሳረፍን ነው። የቆመው መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ ነው። ሌላውም ነገር ያኔ ነው የጠበቀው፣ መንግሥት ካወጣው የአሠራር ፕሮቶኮል ውጪ ሠራተኛ ማሰናበት ተከለከለ። እኛም ወደ ድሮው ደብተር ተመለስን፣ እያንዳንዱ የራሱን እስክሪብቶ ይዞ። ባለሙያው ፈራሚያችንም ሥራው ላይ ተመለሰ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚያው ሰሞን የተገዛች ሌላ ዕቃ ነበረች፣ እግረ መንገዴን እሷንም ልገምግማት። ግንባር ላይ የምትደገን የሙቀት መለኪያ። ክረምት ሲገባ፣ በብርድ በእግሩ የመጣን ሰው 33፣ አንዳንዴም 32 ትለዋለች። ጋሼ ቁጥሩን አይተው «በዚህ አያያዝ እንኳን ልንታመም፣ ሞተናል» ይሉ ነበር። አንድ ኮከብ፣ እሱም ለቀለሟ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ አንድ ጫኝና አውራጅ ትኩሳት እያለው ፓራሲታሞል ውጦ እየመጣ ያልፋት እንደነበር ነው። በኋላ ሲድን ራሱ ነው የነገረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ጫኝና አውራጆቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ጣታቸው ማሽኑ ውስጥ የለም፣ ስማቸው ደሞዝ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያልመጣ የዚያን ቀን አይከፈለውም፣ ይሄው ነው። ሰውየው ታዲያ ምን ያድርግ? የኪራይ ቀን አይቀርም። ማንም ሰው በሽታውን ይዞ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አታገኙም።

ያኔ መጀመሪያ ላይ ሌላም ፍርሃት ነበር። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ምልክት ባይኖረውም ወደ ማዕከል ይወሰዳል፣ ኤካ ኮተቤ፣ ከዚያ ሚሊኒየም አዳራሽ። እቤት ራስን ለይቶ መቆየት የተፈቀደው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ወደ ኮሮና ስልክ መስመሩ 8335 ከመደወል «ጉንፋን ነው» ማለት ይቀላል። ቢሮው በሙሉ ጉንፋን ነበረው። ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ የሻይ ክፍሉ የባህል መድኃኒት ቤት ሆኖ ነበር።

ከጎረቤቱ ሰው ተገኝቶ «14 ቀን እቤት ቁጭ በል» የተባለ አንድ የሽያጭ ልጅ ነበረን። አላመመውም። ቁጭ አለ። ሲመለስ 12 የሥራ ቀን ከዓመት ፈቃዱ ተቀንሶ ጠበቀው። የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ ስለሆነ የዓመት ፈቃዱ 16 ቀን ነው። ከ16ቱ 12ቱን አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ጨረሰው ማለት ነው። በዚያ ዓመት እህቱ ስታገባ አራት ቀን ነበር የቀረው። የሕመም ፈቃድ አንቀጹ ለታመመ ሰው ነው የተጻፈው፣ ሳይታመም እቤት የተባለው መሃል ላይ ቀረ። ለእኔ ግን ትክክል አልነበረም፣ አሁንም አይደለም። ልጁ የቆየው ለእኛ ብሎ ነው።

ማሽኗ መስከረም 2013 ላይ ተመለሰች። ትልቅ ማዕበል ደግሞ የመጣው ያንኑ ዓመት መጋቢት ላይ ነው፣ ታስታውሱ እንደሆነ በየቤቱ የሚታመም ሰው የበዛበት ጊዜ ነው። ክትባትም የዚያን ወር ነው መሰጠት የጀመረው። እኔም ትልቁን ጥፋት የሠራሁት የዚያን ወር ነው።

ሒሳብ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች። ዝምተኛ፣ አርፍዳ የማታውቅ። ሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ረዳቱ ሒሳብ ሒሳብ ይላል። «ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ፣ ጣዕምም ሽታም የለኝም፣ ዛሬ አልመጣም» አለችኝ። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ» አልኳት። ዘጋሁት። ቢሮ ስገባ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝና ለማንም አልነገርኩም፣ የትም አልጻፍኩም። አራት ቀን ቀረች፣ አርብ መጣች፣ ግማሽ ፊቷ ማስክ ነው፣ ከማስኩ በላይ ያለው ዓይን ብቻ። ሥራዋን ቀጠለች።

ወር ሲያልቅ እንደ ልማዴ ሪፖርቱን አወጣሁ። በስሟ ትይዩ አራት ቀይ ሳጥን። ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ። የዚያን ወር ቀዩ ብዙ ነበር። ለቀሪ የተዘጋጀ ደብዳቤ አለን፣ ስምና ቀን ብቻ ነው የሚቀየረው፣ «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታዎ ላይ ስላልተገኙ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ…» ብሎ የሚጀምር። ስድስት አትሜ አስፈርሜ አደልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስሞቹን አላነበብኳቸውም። ቀዩን ነው ያነበብኩት።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከጎኑ ስልኳን አስቀመጠች፣ የተደወሉ ጥሪዎች ዝርዝር ላይ ከፍታ። የእኔ ስም፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡34፣ ሁለት ደቂቃ። «ይሄ ማን ነው?» አለችኝ። አልጮኸችም። «ማሽኑ ነው» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ፣ ለሁለት ዓመት ስለው የኖርኩት ነው እኮ፣ ግን አልወጣም አለ። «ትኩስ ነገር ጠጪ» ያልኳት እኔ ነኝ፣ ማሽኑ አይደለም።

ወረቀቱ እኮ ቀልድ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ የስንብቱ ቀን ቀድሞ ሳይነገረው ሊሰናበት ይችላል። የእሷ አራት ቀን ነበር። አንድ ቀን ሲቀራት ማለት ነው። ያውም በሕጉ ቀሪ ሳትሆን። አንቀጽ 85 የሚለው፣ ሠራተኛው በቀረ በማግስቱ ለአሠሪው ያሳውቅ ነው፣ አሠሪው በሌላ መንገድ ካላወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር። እሷ በማግስቱ ሳይሆን በዕለቱ ነው ያሳወቀችው። የጎደላት የሐኪም ወረቀት ብቻ ነው፣ ሕጉ እሱንም ይጠይቃል፣ መንግሥት ካወቀው ጤና ተቋም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ነው ሁሉም የሚጣላው። በዚያ ሰሞን ወረቀት ማምጣት ማለት ትኩሳት ያለው ሰው ተነስቶ ታክሲ ይሳፈር፣ ጤና ጣቢያ ይሰለፍ፣ ወይ ለግል ክሊኒክ የካርድና የምርመራ ይክፈል፣ ከዚያ «ሦስት ቀን ዕረፍት» የምትል ማኅተም ያላት ቁራጭ ይዞ ይመለስ ማለት ነው። ሐኪሙ የሚያዝለት «እቤትህ ተኛ» ነው። ይሄን ለመስማት ነው እንግዲህ ከእቤቱ የወጣው። ጀርመኖች ያኔ ቀለል ላለ የመተንፈሻ ሕመም ሐኪሙ በስልክ አነጋግሮ ወረቀቱን እንዲጽፍ ፈቅደው ነበር። እኛ ቤት ግን ወረቀት ካልመጣ ቀሪ ነው፣ ወረቀት ሲመጣ ደግሞ «ይሄን ከየት ገዛኸው?» ነው። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ ከአንድ አፍ።

ደሞዙስ? ብዙ ሰው፣ አሠሪም ሠራተኛም፣ የማያውቀው ነው። አንቀጽ 86 ነው፦ በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደሞዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ። በ12 ወር ውስጥ በጠቅላላው እስከ ስድስት ወር። ኮሮና ያስተኛው አብዛኛው ሰው አንድ ወር እንኳ አልደረሰም፣ ስለዚህ ሙሉ ደሞዙ ይገባዋል፣ ያለ ልመና። ክፍተት ያለው አዲስ ሠራተኛ ላይ ነው። ፈቃዱ የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው፣ የሙከራ ጊዜ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል። ሁለተኛ ወሯ ላይ የነበረች የሱቅ ገንዘብ ተቀባያችን ስትታመም የዘጠኝ ቀን ደሞዟ ተቆረጠ። ሕጉ አያስገድደንም ተባለ። አያስገድድም፣ አይከለክልም እኮ ግን። ከሁሉ በላይ ሰው የምትነካው፣ ቀኑን ሙሉ ብር ስትቆጥር የምትውለው እሷ ናት። ዘጠኝ ቀን ተቆረጠባትና በአሥረኛው እየሳለች መጣች።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ይሄን ስነግራት ሳቀች። እነሱ ጋ በ2020 በፈረንጅ፣ ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር፣ ለኮሮና ሁለት ሳምንት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ በሕግ ወጥቶ ነበር። ደስ ይላል። ግን ከ500 ሰው በታች ላላቸው የግል ድርጅቶች ነው፣ እሷ የምትሠራበት ትልቅ መደብር ከዚያ በላይ ስለነበረው ሕጉ አልነካውም። እነሱ ቤት ደግሞ በቀረህ ቁጥር ነጥብ ይያዝብሃል፣ ነጥቡ ሲሞላ ትሰናበታለህ። ያመመው ነጥቡን እየቆጠረ ነው የሚስለው። የእኛዋ «ትራይ አጌን» ዘመድ አላት ማለት ነው፣ አሜሪካ።

ወደ ማሽኗ ልመለስ፣ ፍትሐዊ ልሁን። ደብዳቤው ከተመለሰልኝ በኋላ አምሽቼ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፕሮግራም አንድ በአንድ ስከፍተው ምን አገኘሁ? የፈቃድ ዓይነት የሚሞላበት ገጽ አለው። የዓመት፣ የሕመም፣ የወሊድ፣ ሁሉም። ከተገዛ ጀምሮ ማንም ከፍቶት አያውቅም። የታመመውን ቀን ቀድመህ ከሞላህለት ቀዩ ሳጥን ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ቀሪም አይለውም። ስለዚህ ዕቃው ያን ያህል ደደብ አይደለም። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መሙላት አለበት፣ ለመሙላት ደግሞ ስልኩን ያነሳ ሰው መጻፍ አለበት።

ያን ያደረግነው በደብተር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ባለ 50 ሉክ አስቀመጥኩ፣ ላዩ ላይ «የደወሉ» ብዬ ጻፍኩበት። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አለ፣ ማን አነሳ። ጠዋት እኔ ታክሲ ውስጥ ከሆንኩ ጋሼ ስልክ ላይ እንዲደውሉ አደረግን፣ እሳቸው ማልደው ስለሚገቡ። የጋሼ ጽሑፍ ራሱ ሊነበብ የሚገባው ነው። «1፡20 ሾፌሩ። ድምፁ የለም። ሚስቱ ናት የተናገረችው። ልጆቹም ይስላሉ።» ይሄን የትኛው ማሽን ይነግርሃል? ከዚያ እኔ መልሼ እደውላለሁ። ያኔ ስልክ ስትደውል መጥሪያው ራሱ ስለ ኮሮና ይመክርህ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ፣ እሱን ሰምቼ ስጨርስ የታመመው ሰው ስልኩን ያነሳል።

የደሞዙ ነገር የተስተካከለው ግን በእኔ ጉብዝና አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ታመሙ። ዘጠኝ ቀን ጠፉ። የእሳቸው ጣት ማሽኑ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ በሪፖርቱ አንድም ቀን አልቀሩም፣ ወረቀትም ማንም አልጠየቃቸውም፣ እኛም «እግዜር ይማርዎ» ብለን ብርቱካን ይዘን ሄድን። ሲመለሱ ከስተው ነበር። ሳምንት ቆይተው ጠሩኝና «ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስልክ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ወረቀት ያምጡ፣ ደሞዝ እንዳይነካ» አሉኝ። ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሒሳቧን ልጅ ደብዳቤ ከፋይሏ አውጥቼ ፊቷ ቀደድኩት። የገንዘብ ተቀባይዋ ዘጠኝ ቀን ግን አልተመለሰላትም። ጠይቄያለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

«ታዲያ ሰው አላጭበረበረም?» ትሉኛላችሁ። የአክስቴ ልጅም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይሄንኑ ነው። አጭበርብሯል። አንድ ሰው ነበር፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚያመው። አምስት ሰኞ። ማን ደረሰበት መሰላችሁ? ማሽኗ። የሦስት ወሩን ሪፖርት ጎን ለጎን ስዘረጋው ቢጫዎቹ በአንድ መስመር ቁልቁል ተሰልፈው እንደ አጥር ቆመዋል። ጠርቼ ሳሳየው እሱም ሳቀ። እዚህ ላይ ማመስገን አለብኝ፣ በደብተር ቢሆን አላየውም ነበር። ግን ለአንድ ሰኞ ለሚያመው ብሎ 83 ሰው ሲያስል እንዲመጣ ማድረግ ሒሳቡ አይገባም። ሒሳቡን የምትፈልጉ ከሆነ፣ የዚያ ሰውዬ አምስት ሰኞ አምስት የሥራ ቀን ነው። መጋዘን ውስጥ አንዱ እየሳለ መጥቶ ከጎኑ የሚሠሩት አራቱ በተከታታይ የወደቁ ጊዜ ግን 40 የሥራ ቀን ነው ያጣነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

እንግዲህ ግዢውን በተመለከተ። ዋጋ አልጽፍም፣ ዶላሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይቀየራል፣ መርካቶና መገናኛ ያለውም አንድ አይደለም፣ ዞራችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ትቆያለች ብላችሁ ጠይቁ፣ እና በቃል አትመኑ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሶኬቷን ነቅላችሁ እዩ። ሪፖርቱ ኤክሴል ላይ መውጣቱን አረጋግጡ። የሕመም ፈቃድ የት ነው የሚሞላው ብላችሁ ሻጩን አሳየኝ በሉት። ካላወቀው ሌላ ሱቅ ሂዱ፣ ነገ ሲበላሽም አያውቀውም። ፊት የምታነበው የተሻለች ናት የሚሉ አሉ፣ ምንም ነገር ስለማይነካ እውነት ነው፣ ግን ማስክ ያደረገን ሰው የማትለይ አለች፣ ማስክ አድርጋችሁ ሞክሯት። የካርዷ ከሁሉም ንጹህ ናት፣ ግን የእኛ ባለሙያ ፈራሚ አራት ካርድ ኪሱ ይዞ ይመጣል።

ለዳቦ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጋጋሪ እጁ ሊጥና ሙቀት ነው፣ ጣቱን አታነብለትም። ለአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ጋጋሪዬ እኮ አሁንም ትንሽ ያስለዋል» አለኝ። «እና ምን አልከው?» አልኩት። «ምንም፣ ዳቦው ማለቅ አለበት» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ፣ ካርዱ ያለቀው ያኔ ነው።

ኮከብ ስሰጥ፦ ሰዓት ለመያዝ አራት፣ ለባትሪዋ ሁለት፣ ለታመመ ሰው ዜሮ፣ ደብተር ከጎኗ ካስቀመጣችሁ ሦስት። በእኛ ቀን አቆጣጠር ሪፖርት የምታወጣ የገዛ ሰው ካለ ደግሞ የገዛበትን ሰፈር ይጻፍልኝ፣ ልጁ እየጠበቀኝ ነው።